ደንቆሮ እጅ

እናቴ ልብስ ሰፊውን «ቤተሰብህን ሰብስብ» ስትለው እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ቅጠል እወቅጥ ነበር። ዘነዘናው እጄ ላይ ደርቆ ቀረ።

ልብስ ሰፊው በበራችን ሲገባ ጎንበስ ማለት ያለበት፣ ሲስቅ የመደርደሪያው ጠርሙስ የሚንጫጫ ሰው ነው። የመጣው ወገቡን ይዞት ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ጎብጦ የሚውል ሰው ወገቡን ካልታመመ ምኑን ሊታመም ነው? እናቴ ግን እንደ ልማዷ በጀርባው አስተኝታ፣ መዳፏን ከደረቱ ሥር፣ ጎድኖቹ ከሚገናኙባት ጎድጓዳ ቦታ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች። እጇን አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣ መልሳ አሳረፈች። አሁንም ቆየች።

«ምነው እትዬ፣ እንቅልፍ ወሰደዎ እንዴ?» አለ እየሳቀ።

«የለም» አለች።

«ምኑ?»

«ኃይልህ። ቤተሰብህን ሰብስብ። የተጣላኸው ካለም ታረቅ።»

የመደርደሪያው ጠርሙስ ጸጥ አለ።

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። እናቴ «ጎድሏል» ትላለች፣ «ተኝቷል» ትላለች፣ ሲብስባት «ዝሏል» ትላለች። «የለም» ብላ ግን አታውቅም። አልጋ ይዞ በሸክም የመጣ ሰው ላይ እንኳ «እንደ ጭላንጭል ይሰማኛል» ነው የምትለው። ልብስ ሰፊው ጭላንጭል እንኳ ሳይኖረው ኮቱን ለብሶ፣ በበሩ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እግሩ ወጣ።

እናቴ ሐኪም አይደለችም፤ ነኝ ብላም አታውቅም። በልጅነቷ የአንድ የተፈጥሮ ህክምና አዋቂ ሽማግሌ ቤት ወለል ትወለውል ነበር። ሽማግሌው «በሽታ የሚባል ነገር የለም» ይሏት ነበር አሉ። «ሰው ውስጥ ሕያው ኃይል አለ። ቁስልን የሚዘጋው፣ ስብራትን የሚገጥመው፣ ትኩሳት ለኩሶ ጠላትን የሚያባርረው እሱ ነው። የእኛ ሥራ መንገድ መጥረግ ብቻ ነው።» አንድ ቀን እጇን በሽተኛ ሆድ ላይ አስቀምጠውላት፣ ያ የሚሉት ኃይል ከመዳፏ ሥር ሲርገበገብ ተሰማት። «የምታንኮራፋ ድመት ላይ እጅሽን እንደማሳረፍ ነው» ትለኛለች። ከዚያ ወዲህ ኃይሉ ለጎደለበት እንፋሎት፣ ቅጠል፣ ዕረፍትና እንቅልፍ ታዝለታለች፤ አብዛኛው ሰውም ይሻለዋል። ሰፈሩ «ባለ እጇ» ይላታል።

እኔ ደግሞ «ዶክተሪት» ነኝ። ለማሾፍ ነው የሚሉኝ፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ነው የምቀበለው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁሜ የእናቴን ድስት ማማሰል ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ማንም ሳያስተምረኝ ነው፤ ለመጠቅለያ ከሚሸጥ አሮጌ መጽሐፍ ላይ። አንድ ሽፋን የሌለው የነርሶች መማሪያም አለኝ። ስለ ኩላሊት ግን አትጠይቁኝ፤ ምዕራፉን ነጋዴው ለውዝ ጠቅልሎበታል።

ልጅ ሳለሁ እናቴ እጄን ወስዳ አንዲት ሴት ላይ አሳረፈችልኝ።

«ምን ይሰማሻል?»

«ሆድ» አልኳት።

«ሌላስ?»

«ሆድ ነው እማ። ሌላ ምን ይኖራል?»

እጄን መልሳ ሰጠችኝ፤ እንዳልተመቸ ዕቃ። «የአንቺ እጅ ደንቆሮ ነው» አለች። ነገሩ በዚያው አለቀ። በምድር ላይ ያልተከራከርኩበት ነገር የለም፤ ከእናቴ እጅ በቀር። ምክንያቱም ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ እናቴ መዳፏን አሳርፋ «ይህ አይቆይም» ብላ ነበር። አልቆየም።

ከልብስ ሰፊው በኋላ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጣ። የለም። ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች። የለም። ዘበኛው በየቤቱ እየዞረ «ያስቀየምኳችሁ ነገር ካለ ይቅር በሉኝ» ሲል ከረመ። ይቅር ለማለት የሚቸገር አልጠፋም፤ አንዷ ጎረቤታችን «ቆይ፣ መጀመሪያ ሙትና እናየዋለን» አለችው። ልብስ ሰፊው በበኩሉ ለዓመታት ካኮረፈው ወንድሙ ጋር ታረቀ፤ መሞቱን ግን ረሳው። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲያልፍ በበራችን ራሱን ብቅ ያደርጋል።

«እትዬ፣ ዛሬም አለሁ።»

እናቴ ትደነግጣለች። የምሬን ነው፤ መቃብር ፈንቅሎ የወጣ ሰው እንዳየች ሁሉ ፊቷ አመድ ይሆናል።

«በምኑ ነው የሚሄደው?» ትለኛለች ሲርቅ። «ባዶ ነው እኮ። በምኑ ነው የሚቆመው?»

«በእግሩ» እላታለሁ።

«አንቺ ምላሳም።»

ስቄ አልፌዋለሁ እንጂ እሷስ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ነበር። ሰፈሩን አንድ ነገር እየመጠጠው ነው ብላ አመነች። መጀመሪያ አዲሱን የውሃ መስመር ጠረጠረች፤ ከዚያ ጣሪያ ላይ የተተከለውን የስልክ ማማ። ሰውነቷ እየከሳ ሄደ። ውሃ በማንቆርቆሪያ ሙሉ ጠጥታ አሁንም ጠማኝ ትላለች። ብርጭቆ ከእጇ እየሾለከ ይሰበርባታል፤ «ሳሙናሽ ነው የሚያሟልጨው» ብላ እኔ ላይ ትጮኻለች። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ በአንድ እግሯ ብቻ ነጠላ ጫማ አድርጋ ገባች። ሌላው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል።

«ባዶ እግርሽን ስትሄጂ አልተሰማሽም?» አልኳት።

«ሐሳብ ነው» አለች። «የሰፈሩን ሬሳ በራሴ ተሸክሜ የጫማ ነገር ይሰማኛል?»

ያችን መልስ አመንኳት። ሰው ያሰበውን ያህል ነው የሚያየው፤ እኔም እናቴ ሐሳብ የገባት ሴት ነበር የመሰለችኝ።

ከዚያ እህቴ መጣች።

እህቴን ሁላችንም «ሚጢ» ነው የምንላት፤ አሁን ዘጠነኛ ወሯን ይዛ በር እያጣበበችም ሚጢ ናት። ባሏ ታክሲ ነጂ ነው። አምጥቷት ውጭ መኪናውን እየወለወለ ይጠብቃት ነበር። ሚጢ አልጋው ላይ ወጣች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ሳቀች። «ዛሬ ኳስ ነው የሚጫወተው እማ፤ ተጠንቀቂ፣ እንዳይመታሽ» አለች።

እናቴ ቀኝ መዳፏን አሳረፈች። ከዚያ ግራውን። ከዚያ ሁለቱንም። ፊቷን እያየሁ ነበር፤ ከግንባሯ ጀምሮ ደሙ ሲሸሽ በዓይኔ አየሁት። ዞር ብላ ወደ መታጠቢያው ሄደችና ቧንቧውን ከፈተች።

«እማ?» አለች ሚጢ።

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ መታጠብ ቀጠለች።

«እማ፣ ምን ሆነሻል? ተናገሪ» አልኳት እኔ።

«ይወለዳል» አለች ለቧንቧው። «አይቆይም። ኃይል የለውም።»

ሚጢ በሁለት እጇ ሆዷን ያዘች። «ይንቀሳቀሳል እኮ። አሁን እንኳ፣ ይኸው፣ አሁን…»

«መንቀሳቀስ ኃይል አይደለም» አለች እናቴ። «የተቆረጠ የእንሽላሊት ጭራም ይንቀሳቀሳል።»

እናት ለልጇ ይህን ትላለች? ሚጢ አላለቀሰችም። የቀሚሷን ጫፍ እየጎተተች ሆዷን ሸፈነች፤ የተሰበረ ነገር እንደምትደብቅ።

እናቴ ቧንቧውን ዘጋችና ዞረች። ዓይኗ ፍም መስሏል። «ግን አልሰጠውም» አለች። «የዚያን ጊዜውን ሰጠሁት፤ ይህን አልሰጥም። ልጁ ኃይል የሚቀዳው ከእናቱ ነው። እናቱ ደግሞ ኃይሏን ምግብ በመፍጨት ታባክናለች። ከዛሬ ጀምሮ ምግብ የለም። የቅጠል ውሃ፣ ጨለማ፣ ዝምታ። ያ የምትፈጭበት ኃይል ሁሉ ወደ ልጁ ይዞራል።»

«እስከ መቼ?» አልኳት።

«እስኪሰማኝ ድረስ።»

ባሏ ገብቶ ሲሰማ በሩን ይዞ ቆመ። «እማማ፣ እርጉዝ ሴት ሳትበላ?» አለ። እኔም ተከራከርኩ፤ የነርሶቹን መጽሐፍ አምጥቼ ገጽ ገልጬ አነበብኩ። እናቴ «ያ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ልጅ መሄድ ነግሮሽ ነበር?» አለችኝ። ነገሩን የቆረጠችው ራሷ ሚጢ ናት።

«ባለፈው ጊዜ እማን አልሰማኋትም» አለች። «አሁን ተዉኝ።»

የኋለኛውን ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ሸፈንን። ሚጢ ገብታ ተኛች። እናቴ ጠዋት ትገባለች፣ ማታ ትገባለች፣ እጇን ታሳርፋለች፣ ራሷን እየነቀነቀች ትወጣለች። የሚጢ ከንፈር ደረቀ። ስትነሳ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። ባሏ ሥራ ትቶ ታክሲው ውስጥ በራችን ላይ መዋል ያዘ፤ መሪውን እንደያዘ፣ የትም ሳይሄድ። እኔ ዳቦ ቆርሼ በቀሚሴ ኪስ ደብቄ ገባሁ። ሚጢ ጠረኑ ሲደርሳት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ውጪልኝ» አለች። «ልጄን ልትገድዪብኝ ነው።»

ከራሴ እህት አፍ ይህን ሰምቼ ወጣሁ። ዳቦውን ቆሜ ወጥ ቤት ውስጥ በላሁት፤ የሚበላ ሰው ስላስፈለገ ነው እንጂ ርቦኝ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት እኔና እናቴ ወጥ ቤት ነበርን። አንደኛው ምድጃ ላይ የቅጠሉ ድስት ይንተከተካል። ከሁለተኛው ላይ ማንቆርቆሪያውን አሁን ማንሳቴ ነው፤ ብረቱ ገና ቀይ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ የቅጠሉን ውሃ አጠላለሁ። እናቴ ከኋላዬ ታወራለች።

«ዛሬም የለም» ትለኛለች። «ማሩ ነው መሰለኝ። ውሃው ላይ ጠብ የምታደርጊውን ማር ተዪው። ማርም ምግብ ነው፤ ይፈጫል።»

«ያችን ጠብታ? እማ፣ ልጅቷ ትሞትብናለች።»

«የወለድኳት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። «ምን እሳት አስነካሽ ደግሞ? የሚያርር ነገር ይሸተኛል።»

«እኔ ምንም አላስነካሁም።»

«ጨርቅ ነው መሰለኝ። እስቲ እዪው።»

ዞርኩ።

እናቴ ወደ ምድጃው ደገፍ ብላ ቆማለች፤ አንድ ሰው በአጥር ላይ ተደግፎ ጨዋታ እንደሚጫወት ሁሉ። የግራ መዳፏ ያ ቀይ ብረት ላይ ሙሉ በሙሉ አርፏል። ከጣቶቿ መሐል ቀጭን ጭስ ይወጣል። እሷ ደግሞ ዓይኗን ወለሉ ላይ እያንከራተተች ጨርቁን ትፈልጋለች።

ጮኼ ይሆን? አላስታውስም። የማስታውሰው የእጇን አንጓ ይዤ ወደ ላይ ሳነሳው ብረቱ ወዲያው አለመልቀቁን ነው። እናቴ መዳፏን ገልብጣ አየችው። መንገድ ላይ ወድቆ እንዳገኘችው የሰው ዕቃ።

«ምንድን ነው?» አለች።

«እጅሽ ነው፣ እማ።»

«አላመመኝም እኮ» አለች፤ እንደሚከራከር ሰው። «አላመመኝም።»

እናቴ በሰው ነገር የሚገባን ሁሉ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያለች ትሸረድድ ነበር። ተረቱ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ የመጣልኝን ሁሉ ስተፋ ኖሬ ያን ቀን ግን ዋጥኩት።

እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዝኩላት። ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ፤ ብርጭቆው፣ ነጠላ ጫማው፣ ልብስ ሰፊው፣ ዘበኛው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ። እና «እስኪሰማኝ ድረስ»። እህቴ ጨለማ ክፍል ውስጥ ረሃብ ላይ የተኛችው ይህ እጅ እስኪሰማ ድረስ ነው።

ታክሲው በር ላይ ነበር። ሚጢ አልሄድም አለች። ስለዚህ ዳቦ ጋጋሪዋን አጠገቧ አስቀምጠን እናቴን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ በረርን።

ሐኪሙ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። ቁስሉን ጠርጎ ሲያስር እናቴ ፊቷ አልተቋጠረም፤ ግድግዳ ላይ ያለውን የጥርስ ሥዕል ታያለች። ነርሷ የሌላኛውን እጇን ጣት ወጋች። እናቴ አላወቀችም። ነርሷ ማሽኑን አየች፣ ሐኪሙን አየች፣ ሌላ ጣት ወጋች።

«እናቴ፣ ስኳር እንዳለብዎት ነግረውዎት ያውቃሉ?» አለ ሐኪሙ።

«እኔ ሻዬን ያለ ስኳር ነው የምጠጣው» አለች በኩራት።

ሐኪሙ አልሳቀም። ጫማዋን አስወልቆ አንድ ጠንከር ያለ ክር የመሰለ ነገር ከኪሱ አወጣ። «አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን በዚህ ስነካዎት 'አሁን' ይበሉኝ።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። በሽተኛ ላይ እጇን ስታሳርፍ እንደምትጨፍነው፤ ጥልቅ አድርጋ፣ በሙሉ ልብ። ሐኪሙ አውራ ጣቷን ነካ። ተረከዟን ነካ። የእግሯን ውስጥ፣ ጎኑን፣ እያንዳንዱን ጣት ነካ። ወደ ሌላኛው እግር ዞረ። ከዚያ ያልታሰረውን እጇን መዳፍ፣ ሰፈር ሁሉ የሚያውቀውን ያን መዳፍ፣ መሐሉን በክሩ ጫን አለው። ክሩ ጎበጠ።

ሐኪሙ ክሩን አነሳና ጠበቀ።

«ዓይኔን ጨፍኛለሁ ልጄ» አለች እናቴ። «ጀምር።»

ነርሷ ፊቷን አዞረች። ሐኪሙ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን።

«ጨርሷል፣ እማ» አልኳት።

ዓይኗን ገለጠች። ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳት። ስኳሩ ለዓመታት ሳይታወቅ ነርቯን በልቶታል፤ ከእግር ይጀምራል፣ ወደ እጅ ይወጣል፣ ሙቀትም ሕመምም አያስታውቅም። እሷ የሰማችው አይመስለኝም። መዳፏን ጭኗ ላይ ገልብጣ ታየዋለች።

«ልብስ ሰፊው» አለች።

«አለ፣ እማ። ዛሬም አለ።»

«ዘበኛው?»

«እሱም አለ።»

«እነሱ ነበሩ» አለች። «እኔ ነኝ የሌለሁት።» ከዚያ ቀና ስትል ያየሁትን ድንጋጤ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ምድጃው ላይ ያልደነገጠች ሴት፣ አሁን ብድግ አለች። «ሚጢ።»

ሐኪሙ ነገሩን ሲሰማ እሱም በተራው ደነገጠ። «ዘጠነኛ ወሯ ላይ ያለችን ሴት ምግብ ከልክላችሁ?» አለ። «አሁኑኑ አምጧት። እርስዎም ይመለሱ፤ ይህ ስኳር ለነገ የሚባል አይደለም።»

ቤት ስንደርስ ሚጢ እንደተኛች ነበረች። ዳቦ ጋጋሪዋን ወደ ውጭ ሸኝቼ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ ገነጠልኩት። ብርሃኑ ሲገባ ፊቷ ላይ አጥንት አየሁ።

«ተነሽ ሚጢዬ» አለች እናቴ። «ተሳስቻለሁ። ልጁ ደህና ነው። እጄ ነው።» የታሰረ እጇን አሳየቻት፤ ምድጃውን፣ ክሩን፣ ሁሉንም ነገረቻት።

ሚጢ ሰምታ ስታበቃ ራሷን ነቀነቀች። «አሳዝኜሽ ነው» አለች።

«ምን?»

«አሳዝኜሽ ነው እንዲህ የምትዪው። አልቆይ ካለ ቢያንስ በልታ ትጽናና ብለሽ ነው።»

«ሚጢ፣ እጇን እዪው እንጂ» አልኩ። «ሥጋዋ እኮ ነው የተቃጠለው።»

«እጇ አሁን ተቃጠለ። የእኔን ያየችው ሳይቃጠል ነው።» ዓይኗን እናቴ ላይ ተከለች። «ባለፈው ጊዜ አልዋሸሽኝም። አሁንም እንዳትዋሺኝ። እጅሽን አሳርፊና ንገሪኝ።»

ይህ ነው እንግዲህ ያቆመን። ኃይል የለም ያለው እጅ፣ ኃይል አለ ሳይል ልጅቷ አትነሳም። እናቴ ባዶ መዳፏን አሳርፋ «ይኸው፣ ተሰማኝ» ብትል ያልቅ ነበር። እኔ በልቤ በያት፣ በያት እላለሁ። አላለችም።

«እጄ አይሰማም፣ ልጄ» አለች። «አልዋሽሽም። ምንም አይሰማኝም።»

ሚጢ ዓይኗን ጨፈነች።

እናቴ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። የሚጢን ቀሚስ በጥርሷና በዚያ በሚያሟልጨው እጇ ገለጠችና፣ ጉንጯን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ጉንጭ ላይ ነርቭ ይቀራል አይቀር አላውቅም፤ መጽሐፌም አይናገርም። ውጭ የታክሲው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ምንም የለም። የሚጢ ሆድ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፣ የእናቴ ራስ አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ልጁን ራሱን አራብነው፣ በምኑ ይንቀሳቀስ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ የእናቴ ራስ ተገፋ።

በዓይኔ አየሁት። አንዴ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ሰው በር እንደሚያንኳኳ። እናቴ ቀና አለች። አፏ ተከፍቷል፣ ዓይኗ ፈጧል፣ ጉንጯን በዚያ በታሰረ እጇ ይዛለች፤ በአደባባይ በጥፊ እንደተመታች ሴት። ያን ያህል ዘመን ስንቱን ሆድ ነክታ ስታበቃ፣ ሕፃን ሲራገጥ አሁን ገና የሰማች ትመስላለች።

«መታኝ» አለች።

ሚጢ ዓይኗን ገልጣ ፊቷን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። እናታችን ብዙ ነገር ትችላለች፤ እንዲህ መደንገጥን አስመስላ ግን አታውቅም። ሚጢም ይህን ታውቃለች።

«ዳቦው አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ?»

እየበላች፣ በሁለት ወገን ደግፈን ወደ ታክሲው አወጣናት። ባሏ በሩን ከፍቶ ፍርፋሪውን ከአገጯ ላይ እየጠረገ ያስገባታል። በዚህ መሐል ልብስ ሰፊው አርፍዶ ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ አየን። አንገቱን ብቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ዛሬም አለሁ።»

እናቴ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«አለህ» አለችው። «ወገብህን ግን ሐኪም ይየው። ግባ፣ ቦታ አለ።»

ቦታ አልነበረም። ገባ፤ ታክሲው ወደ አንድ ወገን አጋደለ። እኔ ከሚጢና ከእናቴ መሐል ተጨፍልቄ ተቀመጥኩ። ትንሽ እንደሄድን እናቴ ክንዴን በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«እጅሽን አሳርፊበት» አለች።

«የእኔ እጅ ደንቆሮ ነው ብለሽ የለ?»

«ዝም ብለሽ አሳርፊ።»

አሳረፍኩ። ሚጢ ዳቦዋን እያላመጠች ቀሚሷን ለቀቅ አደረገችልኝ።

«ምን ይሰማሻል?» አለች እናቴ። ድምጿ እንደ ጥንቱ አልነበረም፤ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

«ሆድ» አልኳት።

«ሌላስ?»

ጠበቅሁ። ከመዳፌ ሥር አንድ ትንሽ ጠንካራ ነገር ተንሸራቶ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመልሶ ገፋኝ።

«ተረከዝ» አልኳት።

እናቴ ራሷን ነቀነቀችና ጉንጯን በታሰረው እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጤና ጣቢያው እስክንደርስ ድረስ እጄን እንዳነሳ አልነገረችኝም፤ እኔም አላነሳሁም።